በሀዋሳ ሐይቅ የገባ ፕላስቲክ ወዴት ይሄዳል? የመክፈቻው ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

ይህ የውይይት ክር ረዝሟል። አዲስ የሚገባ አንባቢ ከመካከል ጀምሮ እንዳይደናገር የመክፈቻ ጥያቄዬንና የተሰጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አሰባስቤአቸዋለሁ። የማልስማማባቸውንም አላስቀረሁም፤ የምለው ሲኖረኝ እዚያው እላለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ስለ ፕላስቲክ ብክለት ሲወራ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ባሕር ነው፤ ፌስታል የዋጠ ኤሊ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተንጣለለ ቆሻሻ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ነገሩ የሩቅ ሰው ጣጣ ይመስለናል። እኔ ግን የሀዋሳ ሐይቅ ከባሕር ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው ብዬ ጻፍኩ። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። የገባው ውሃ በፀሐይ ይተናል፤ ፌስታሉ አይተንም። ከታቦር ተራራ ግርጌና ከየሰፈሩ ቦይ ጎርፍ ጠርጎ ያወረደው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ የጠየቅሁት ይህን ነው፦ በየጊዜው ዘመቻ እየጠራን ዳርቻውን ከምንለቅም፣ ቆሻሻው ገና ከተማው ውስጥ፣ ቦዩ ላይ ሳለ ብንይዘው አይሻልም ወይ?

ምላሽ 1 የአንድ አባት ነው። በትሕትና ጀምረው፣ በልጅነታቸው ገበያ የሚኬደው በዘንቢል እንደነበረ፣ ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይሸጥ እንደነበረ፣ ዘይትና ጋዝ የሚገዛ ሰው ጠርሙሱን ከቤቱ ይዞ ይሄድ እንደነበረ አስታወሱ። ሐይቁ ዳር ወድቆ የሚገኘው የቄጤማ ስባሪና የዓሣ ቅርፊት ብቻ ነበር አሉ። ከሁሉም ምላሾች ብዙ ሰው ያመሰገነው ይህን ነው፤ ይገባቸዋልም።

ምላሽ 2 ወዲያው ተቃወመኝ። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2015 በሳይንስ መጽሔት የወጣውን ግምት ጠቀሰ፤ የባሕር ጠረፍ ያላቸው 192 አገሮች በ2010 አንድ ዓመት ብቻ ከ4.8 እስከ 12.7 ሚሊዮን ቶን ፕላስቲክ ወደ ውቅያኖስ እንዳስገቡ የሚናገረውን። ይህን ከአንድ ከተማ ሐይቅ ጋር ማወዳደር ማጋነን ነው ባይ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። እኔ ግን ያነሳሁት ስለ ብዛቱ አልነበረም፤ የገባው ነገር መሄጃ አለው ወይ ነው ያልኩት። ውቅያኖስ ከጠረፍ ጠረፍ ያመላልሰዋል፣ ወደ ጥልቁ ያሰምጠዋል። የእኛ ሐይቅ ውኃው እንደማይደፋ ገበቴ ነው።

ምላሽ 3 ያን ነጥብ አጎለበተው። ጸሐፊዋ የጂኦሎጂ መምህርት ናት። ወንዝ ባይወጣም ውሃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ እንደሚወጣ አስረዳች፤ ሐይቁ በዝግ ተፋሰስ ውስጥ እያለ እንደ ሻላና አብጃታ ያልጨወየው በዚህ ምክንያት ነው። ጨው ሟምቶ ከውሃው ጋር ይሰርጋል። ፕላስቲክ አይሟሟም፤ ስለዚህ አፈሩ አጥልሎ ያስቀረዋል። ይህን በቁም ነገር ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ ሐይቁ ራሱን ያጠራል የሚል ሐሳብ ማንሳት አልነበረበትም፤ ሆኖም ምላሽ 10 ላይ እንደገና ተነሥቷል።

ምላሽ 4 የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ ከክሩ ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዳርቻው የምንለቅመው ቆሻሻ የሚንሳፈፈውን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የውሃ መያዣ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ከውሃ ይከብዳል። ክዳኑ ከተዘጋ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፤ ክዳኑ ከወለቀ ውሃ ሞልቶት ይሰምጣል። ክዳኑ ራሱ ከሌላ ዓይነት፣ ከውሃ ከሚቀልል ፕላስቲክ ስለሚሠራ ለብቻው ተንሳፍፎ ዳር ይወጣል። ዳርቻው ላይ ክዳን በዝቶ ጠርሙስ ያነሰው ቆራሌው ስለሚለቅመው ብቻ አይደለም ማለት ነው። ፌስታልም መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ ቆይቶ ግን አረንጓዴ አልጌ ይበቅልበትና ይከብዳል፤ ይሰጥማል። ፀሐይ ያገኘው ደግሞ አይበሰብስም፣ ይፈረካከሳል እንጂ። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ስባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፤ እሱን በእጅ የሚለቅም የለም።

ምላሽ 5 ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ መጣ። ዓሣ አስጋሪ ነው፤ የቦዩን ጉዳይ ትቶ ስለ መረብ ጻፈ። የዛሬ መረብ ናይሎን ነው። ጉማሬ ሲበጥሰው ወይም ቄጤማ ውስጥ ተጠላልፎ ሲቀር ባለቤቱ ይተወዋል፤ መረቡ ግን ማጥመዱን አይተውም። የገባበት ቆሮሶ እዚያው ይሞታል፣ የሞተውን ሊበላ የመጣው አምባዛም ይያዛል። እሱ ራሱ ከጥልቁ እየጎተተ ያወጣቸው አሮጌ መረቦች ውስጥ የበሰበሰ ዓሣ ከአጥንት ጋር ተጠምጥሞ እንዳገኘ ነገረን። በከተማው ሰው ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ልክ አይደለም፣ ከእኛም ዘንድ ጥፋት አለ አለ። ራሱ ከሚሠራበት ሙያ ተነሥቶ እንዲህ የሚናገር ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ 6 ይህን ከባሕሩ ጋር አገናኘው። በካሊፎርኒያና በሃዋይ መካከል ያለው የፓስፊክ ቆሻሻ ክምችት ሲለካ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ስፋቱን 1.6 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ክብደቱን 79 ሺህ ቶን ያህል ገምቷል፤ ከክብደቱ 46 በመቶው የዓሣ መረብ ነው። ብዙዎች እንደሚያስቡት በእግር የሚረገጥ ደሴት አይደለም፤ ተበታትኖ የሚንሳፈፍ ነው። ጸሐፊው ወደ ምላሽ 1 ተመልሶም በአክብሮት አንድ ነገር ጠየቀ፦ በዘንቢል ዘመን የከተማው ሕዝብ ስንት ነበር? ጥያቄው ተገቢ ነው። ትዝታ ብቻውን የዛሬውን ሕዝብ ቆሻሻ አያነሳም።

ምላሽ 7 የአንዲት እናት ነው። እሑድ እሑድ ልጆቿን ዓሣ ልታበላ ሐይቁ ዳር ትወስዳለች፤ ይህን ሁሉ ካነበበች በኋላ ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት ያስፈራ እንደሆነ ጠየቀች። ምላሽ 8 ላይ አንዲት የጤና ባለሙያ በእርጋታ መለሰችላት። እ.ኤ.አ. በ2020 በዝዋይ ሐይቅ ላይ የታተመ ጥናት አራት የዓሣ ዝርያዎችን መርምሮ ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ ውጠው አግኝቷል። የተገኘው ግን በሆድ ዕቃቸው ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ሆድ ዕቃውን አውጥተን ነው የምንበላው። ጥሬ ዓሣን በተመለከተ ከፕላስቲኩ ይልቅ ቅርብ የሆነው ስጋት ጥገኛ ትላትል ስለሆነ፣ ለልጆች ጠብሳ ብትሰጥ እንደምትመርጥ ነገረቻት። ሳያስፈራራ የሚያስጠነቅቅ፣ የተመጠነ መልስ ነው።

ከዚያ ነገሩ ወደ ሌላ ሄደ። ምላሽ 9 ስለ ዓሣ ዋጋ መወደድና ስለ ቆሮሶ ማነስ ነው። ምላሽ 10 ሐይቅ ራሱን ያጠራል የሚለውን አመጣና ዓሣው ያነሰው በጠባብ መረብ ምክንያት እንጂ በፕላስቲክ አይደለም አለ። ሁለተኛው አባባሉ ብዙ እውነት አለበት፤ የመጀመሪያውን ግን ምላሽ 3 አስቀድማ መልሳዋለች። ምላሽ 11 አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ሆድ ዕቃ ከነፌስታሉ ሲጎትቱ አይቻለሁ የሚል ነው። ሆድ ዕቃው በፌስታል ታስሮ የሚጣል ከሆነ ወፏ ምን ታድርግ?

ምላሽ 12 ክሩን መልሶ አቃናው። ጸሐፊው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነት እየጠበቀ ከጅቡቲ ነው የጻፈው። የባሕር በር የለንም የምንለው እኛ፣ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ግራር በፌስታል አልብሰነዋል አለ። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት የውሃ ጠርሙስ እስከ ጠረፉ ድረስ መንገድ ዳር እንደሚያይ፣ ነፋስ አንሥቶ ወደ ጨው ውሃው ሲወስደውም እንዳየ ጻፈ። ባሕሩ ዳር ደግሞ ማዕበል ሲሸሽ የሚቀረው ቆሻሻ በማግስቱ ሲጠፋ ሰው የጸዳ ይመስለዋል፤ ማዕበሉ መልሶ ወስዶት ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ማዕበል የሚደብቅላችሁ ነገር የለም፣ ዳር የጣላችሁትን ታዩታላችሁ፤ በዚህ እንኳ ዕድለኞች ናችሁ ብሎ ጨረሰ። ከጠበቅሁት አቅጣጫ አልመጣም፤ ግን ልክ ነው።

ምላሽ 13 ስለ ወንዞች የሚነገረውን የታወቀ አባባል ይዞ መጣ፦ በውቅያኖስ ካለው ፕላስቲክ 90 በመቶውን የሚያስገቡት 10 ወንዞች ናቸው፣ አንዱም ዓባይ ነው፣ ስለዚህ እኛም በዓባይ በኩል ተጠያቂዎች ነን። ምላሽ 14 ይህን በሦስት መንገድ አረመው፤ ድምፁ ጠንከር ያለ ነበር። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት የተናገረው ወንዞች ስለሚያስገቡት ድርሻ እንጂ በውቅያኖስ ስላለው ፕላስቲክ ሁሉ አይደለም። ከአሥሩ ስምንቱ በእስያ ናቸው፤ ከአፍሪካ ዓባይና ኒጀር ተጠቅሰዋል። ሁለተኛ፣ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ሥዕሉን ቀይሮታል፤ ወንዞች ከሚያስገቡት 80 በመቶ የሚሆነው ከ1,000 በላይ ከሚሆኑ ወንዞች የሚመጣ ሲሆን በከተማ መካከል የሚያልፉ ትናንሽ ወንዞች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሦስተኛ፣ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በዓባይ የሚወርድ ፕላስቲክ ሜዲትራኒያን ሳይደርስ አስዋን ግድብ ይገጥመዋል፤ ሀዋሳ ደግሞ ጭራሹን በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ አይደለችም። እርማቱ ሁሉ ትክክል ነበር። ምላሽ 13ን የጻፈው ወጣት ግን ለማወቅ የመጣ ሰው ስለሆነ ለስለስ ብሎ ቢነገረው ደስ ባለኝ።

ከምላሽ 15 ጀምሮ ክርክሩ ጋለ። ጸሐፊዋ ሕግ ጠቀሰች። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከከለከለ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል። ታዲያ ስስ ፌስታል ዛሬም በየሱቁ የሚሰጠው በማን ፈቃድ ነው? ብላ ጠየቀች። ምላሽ 16 የባለ ሱቅ ነው፤ ተቆጥቷል። እሱ ፌስታል ካልሰጠ ደንበኛው አጠገቡ ወዳለው ሱቅ ይሄዳል። በኪሎ ገዝቶ በነጻ የሚሰጠው ወድዶ እንዳልሆነ፣ ቅጣቱ ከፋብሪካና ከአስመጪ ሳይጀምር በቸርቻሪ መጀመሩ ግፍ እንደሚሆን ጻፈ። ምላሽ 17 ላይ አንቱታው ቀረ። ሌላ ጸሐፊ ባለ ሱቁን አንተ እያለ፣ ሐይቁን የሚገድለው እንዲህ ያለ ሰበብ ነው ብሎ ወረደበት፤ ቀጥሎም የባጃጅ ሹፌሮችንና ጫት ቃሚዎችን በአንድ ላይ ረገመ። ክርክር የማይጎዳውን ያህል ስድብ ይጎዳል። አወያዩም ገብቶ አስጠንቅቋል።

ምላሽ 18 ከዚህ ሁሉ ጠብ ውስጥ የወጣ ጥሩ ነገር ነው። አንዲት ጫት ሻጭ ስድቡን ሳትመልስ ስለ ሥራዋ ብቻ ጻፈች። በሲዳማ ጫት ድሮም ዛሬም በኮባ ይጠቀለላል፤ ኮባ ቅዝቃዜውን ስለሚይዝ ቅጠሉ ቶሎ አይጠወልግም። ፌስታሉ የሚጨመረው ከላይ ነው፣ ገዢው እንዳይታይበት ስለሚፈልግ። የሚፈልገው መሸፈኛ ከሆነ ወረቀትም ይሸፍናል አለች። ኮባው ወድቆ ከብት ይበላዋል ወይም አፈር ይሆናል። የተከለከለውን ነገር ምን ይተካዋል ለሚለው ጥያቄ ከሕጉ ጠቃሽም ከተሳዳቢውም የተሻለ መልስ የሰጠችው እሷ ናት።

ምላሽ 19 ሩዋንዳ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 ማገዳቸውን አስታወሰ። ምላሽ 20 የዓለም አቀፉን ስምምነት ጉዳይ አነሣ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ናይሮቢ ላይ ስምምነት እንዲዘጋጅ ቢወስንም በ2024 በቡሳን፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ በጄኔቫ የተደረጉት ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። እነሱን እየጠበቅን ቦያችንን አንተወውም።

ምላሽ 21 ስለ ዋጋ ነው፤ በትኩረት እንዲነበብ እፈልጋለሁ። ጸሐፊው የተጣለ ጠርሙስ ከለቃሚዎች እየገዛ የሚያስረክብ ነው። ልጆቹ ሃይላንዱን ለቅመው ፌስታሉን የሚተዉት ሃይላንድ በኪሎ ስለሚሸጥ ነው። ፌስታል ቀላል ነው፣ ጭቃ ይይዛል፣ ማንም አይገዛውም። ሐይቁ ዳር ምን ቀረ ብሎ የሚያይ ሰው ዋጋ የሌለውን ነገር ሁሉ ያገኛል፦ ፌስታል፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ ክዳን፣ የጫማ ሶል፣ የስፖንጅ ቁራጭ። ቀጥሎም ያልጠበቅሁትን ሐሳብ አመጣ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ መንገድ ላይ ወድቆ የማይታየው የመያዣ ገንዘብ ስላለው አይደለም ወይ? ለውሃ ጠርሙስስ መያዣ ለምን አይከፈልም? ምላሽ 22 ጀርመን ይህን ከ2003 ጀምሮ እንደምትሠራበት፣ በአንድ ጠርሙስ 25 ሳንቲም ዩሮ እንደሚያዝ ጨመረ። ምላሽ 23 የመያዣው ዋጋ በድሃ ላይ ይወጣል ብሎ ተቃወመ። መያዣ ጠርሙሱ ሲመለስ የሚመለስ ገንዘብ ነው፤ የማይመልሰው ሰው ላይ ብቻ ነው የሚቀረው። በዚህ ላይ ከምላሽ 21 ጋር ነኝ።

ምላሽ 24 በመጨረሻ ወደ ጥያቄዬ የገባው ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ ነው። ጎርፉ የሚያመጣውን ቆሻሻ በፍርግርግ መያዝ ይቻላል፣ ነገር ግን አንድ ትልቅ ፍርግርግ ቦዩ መጨረሻ ላይ ማድረግ ሞኝነት ነው አለ። የአንድ ሌሊት ዝናብ የሚያመጣው ፌስታል ይደፍነዋል። ምላሽ 25 ከቆላው ሰፈር በኩል የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ንግግራቸው ስለታም ነበር፣ ምክንያትም ነበራቸው። ቦዩ በተደፈነ ቁጥር ጎርፉ የሚገባው ፍርግርግ በሚስሉ ሰዎች ቤት ሳይሆን በእሳቸው ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ምንጣፍና ዱቄት ያጡት እሳቸው ናቸው። ሐይቁን ለማዳን ድሃ ሰፈር ይስመጥ ማለታችሁ ነው ወይ ብለው ጠየቁን። ምላሽ 26 ሊያረጋጋቸው ሞከረና ነገሩን አባባሰው፤ ቆሻሻ የሚጥለው ያው ሰፈሩ ነው አለ። የሰፈራቸው ቦይ ከላይ ከአስፋልቱ የሚመጣውን ጭምር እንደሚቀበል ማየት ይችል ነበር።

ምላሽ 27 መሐንዲሱ ተመልሶ የጻፈው ነው፤ ይቅርታ በሚጠይቅ ቃል እናትየውን እርስዎ እያለ። ፍርግርጉ ከታች ሳይሆን ከላይ፣ በየመጋቢ ቦዩ ላይ በትንንሹ መደረግ አለበት። ብረቶቹ ቀጥ ብለው ሳይሆን ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ይተከላሉ፤ ውሃው ፌስታሉን እየገፋ ወደ ላይ ያወጣውና ከሥር መተላለፊያ ያገኛል። ከብረቱ አናት በላይ ደግሞ ባዶ ክፍተት ይተዋል፤ ፍርግርጉ ቢደፈን እንኳ ጎርፉ በላዩ ዘልሎ ቦዩን ይዞ ይሄዳል እንጂ ወደ ቤት አይዞርም። በሀዋሳ ዝናቡ በበልግም በክረምትም ስለሚመጣ፣ ቦዩ አንድ ጊዜ ከመጋቢት በፊት፣ አንድ ጊዜ ከሰኔ በፊት መጠረግ አለበት፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በማግስቱ።

ምላሽ 28 የእናትየው ነው። የማግስቱን ጠራጊ ማን ይቀጥራል፣ ደመወዙንስ ማን ይከፍላል ብለው ጠየቁ። ይህ ካልተመለሰ ፍርግርጉ አይተከል ባይ ናቸው፤ ከተመለሰ ግን በራቸው ፊት ያለውን እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው እንደሚጠብቁት፣ ጉዳዩንም ለዕድራቸው ስብሰባ እንደሚያቀርቡ ጻፉ። ምላሽ 29 ላይ ምላሽ 21ን የጻፈው ሰው ለመጀመሪያው ክረምት ጠርሙሱን እየወሰደ ፍርግርጉን በነጻ የሚያጸዱ ለቃሚዎች አመጣለሁ አለ፤ ፌስታሉን ጭኖ ወደ ቆሻሻ መድፊያ የሚወስድ ጋሪ ግን ሌላ ሰው ይፈልግ። ምላሽ 30 ላይ መሐንዲሱ የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ለክተው እንዲልኩለት እናትየውን ጠይቋል። ልኬቱ ገና አልመጣም። ጋሪ ያለው ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍ።